አቦሉ ግራ እጅ ላይ ነው

እሁድ ከሰዓት ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፣ እኛ ደሞ ያኔ ነው የሙዚቃ ኪቦርዱን የምንከፍተው። እኛ ማለት አራት ሰው ነን። እኔ ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ ጋሼ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፣ ቤቱም የሳቸው ነው፣ አንዱ ልጅ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ ነው የሚሰራው፣ እሁድ እሁድ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ይመጣል፣ ከዛ ሙቀት ወጥቶ እዚ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር እጁን ከሰል ላይ ማሞቅ ነው። አንዷ ደሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ማናችንም ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባንም፣ መድረክ ላይ የመውጣት ሀሳብም የለንም። የምንጫወተው ዋልዝ ነው፣ በሦስት ምት የሚሄድ የፈረንጅ የጭፈራ ሙዚቃ፣ አጫጭሩን፣ አንድ ገጽ ሁለት ገጽ የሆኑትን።

ሰው ሲሰማ ለምን ዋልዝ፣ የወሎ ልጅ ሆናችሁ ለምን አምባሰልና ባቲ አትጫወቱም ይለኛል። እንጫወታለን ኮ! ቅኝቶቹ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከኛው አገር ነው፣ እነሱን ትተን የት እንሄዳለን። ዋልዝ ላይ የቆየነው ግን ሌላ ምክንያት አለው፣ እሱም ዋልዝ ቶሎ ማለቁ ነው። ከስራ መጥቶ እራት ሰርቶ ልጅ አስተኝቶ ግማሽ ሰዓት የቀረው ሰው ሶናታ፣ ያንን ረዥም ባለብዙ ክፍል ሙዚቃ፣ ቢጀምር መቼ ሊጨርሰው ነው? ሹበርት የሚባለው የሙዚቃ ደራሲ ቪየና ውስጥ ጓደኞቹ ማታ ማታ ቤት ሲሰበሰቡ እነሱ ሲጨፍሩ እሱ ፒያኖው ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወትላቸው ነበር፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ አጫጭር የጭፈራ ሙዚቃዎች ጽፏል፣ በ1821 እ.ኤ.አ. ኦፐስ 9 (የሥራ ቁጥር 9) ተብሎ የታተመው ብቻ 36 ነው። ብዙዎቹ 16 ባር ናቸው፣ ባር ማለት ዋልዝ ላይ አንዷ ሦስት ምት ናት። ስምንት ባር ይደገማል፣ ሌላ ስምንት ባር ይደገማል፣ አለቀ። ስምንት ባር ደሞ እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬም እችላታለሁ። ሰኞ አራቱን ባር፣ ረቡዕ አራቱን ባር፣ እሁድ ለሰው ማሰማት። እነዚህ ነገሮች ከመጀመሪያውም ለጓደኛ ቤት ነው የተጻፉት፣ ለዚ ይሆናል ጋሼ ሳሎን ውስጥ ሲጫወቷቸው እንግዳ የማይሆኑት።

ኪቦርዱ የጋሼ ልጅ ውጭ ሲሄድ ትቶት የሄደው ነው። 61 ቁልፍ ያለው፣ አምስት ኦክታቭ (የድምፁ መሰላል አምስት ጊዜ) ማለት ነው፣ መብራት ሲጠፋ በስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ የሚሰራ። ጥሩ ነገር ነው፣ አመስግነን ነው የምንጠቀመው፣ ግን አንድ ችግር አለበት፣ ቁልፉን ቀስ ብለህ ነካኸውም በቡጢ መታኸውም ድምፁ አንድ ነው። ፒያኖ ማለት እኮ ስሙም ከዛ ነው የመጣው፣ ቀስታና ጩኸትን በጣት መለየት የሚችል መሳሪያ ማለት ነው፣ የኛ ግን አይለይም። ለሌላ ዘፈን ብዙም አያስቸግርም። ለዋልዝ ግን መከራ ነው ምክንያቱም ዋልዝ ማለት ሦስት ምት ነው፣ አንደኛው ከባድ፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ቀላል፣ ግራ እጅ ታች ወርዶ አንድ ባስ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ይመታና ወደ ላይ ተመልሶ ሁለት ጊዜ ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ ድምፆችን፣ ይነካል። ሦስቱም እኩል ከጮሁ ዋልዝ መሆኑ ይቀራል፣ ሦስት ሚስማር እንደመምታት ነው የሚሆነው።

እኛ ይሄንን አናውቅም ነበር። የሆነ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፣ ምን እንደሆነ ግን አናውቅም። ኖታው ትክክል ነው፣ ጣቱ ትክክል ነው፣ ምት ቆጣሪው ሜትሮኖምም ይስማማል፣ ግን ስንሰማው ደረቅ ነው። ያወቁት እትዬ ናቸው፣ የጋሼ ባለቤት። ኖታ ማንበብ አይችሉም፣ ሙዚቃውን የሚሰሙት ቡና እያፈሉ ነው። አንድ እሁድ እኔና ጋሼ አንዱን የሹበርት ለአስረኛ ጊዜ ስንደጋግም ጀበናውን አዘቅዝቀው እየቀዱ ቆም አሉና

«ኧረ ልጆች፣ ሦስቱም አቦል ሆነብኝ።»

«እንዴት እትዬ?»

«አቦሉ ነው መክበድ ያለበት። ቶናው ቀለል ይላል፣ በረካው ደሞ እንደው ሲኒውን ነካ አድርጎ ያልፋል። እናንተ ሦስት ጊዜ አቦል ታጠጡኛላችሁ፣ ልብ ይመታል እኮ።»

ጋሼ እጃቸው ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀሩ። ከዛ ሳቁና «እሷ ናት አስተማሪዋ» አሉ። ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ ሁለት ሦስት ብለን ቆጥረን አናውቅም። አቦል ቶና በረካ፣ አቦል ቶና በረካ እያልን ነው የምንቆጥረው፣ እውነቴን ነው፣ የኮምቦልቻው ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲቆጥር ሰው ዞሮ አይቶታል።

ግን መቁጠሩ ብቻ ኪቦርዱን አይቀይረውም፣ ድምፁ አሁንም እኩል ነው። መፍትሄውን ያገኘችው ተማሪዋ ናት። አቦሉን ሙሉ ያዢው፣ ጣትሽን አታንሺ፣ ቶናና በረካውን ግን ነክተሽ ወዲያው ልቀቂ አለችኝ። ጩኸቱን መቀነስ ካልቻልን ዕድሜውን እንቀንስ ማለት ነው። ስንሞክረው በአንዴ ተቀየረ፣ ጆሮ ይታለላል፣ አጭር ድምፅ ቀላል መስሎ ይሰማል፣ ረዥሙ ከባድ። ባሱ ስር ሆኖ ሲይዝ ላይ ያሉት ሁለቱ ኮርዶች ጨፈር ጨፈር ማለት ጀመሩ። እትዬ ቀና አሉና «እ» አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም፣ እኛም በቃን።

ሁለተኛው ነገር ዝላዩ ነው። ግራ እጅ ከባሱ ወደ ኮርዱ ሲሄድ ርቀት አለ፣ አይን ደሞ ኖታው ላይ ነው መሆን ያለበት። ሁላችንም መጀመሪያ ላይ እጃችንን ወደ ላይ አንስተን ነበር የምንወረውረው፣ እንደ ፌንጣ፣ ስንወርድም የሆነ ሌላ ቁልፍ ላይ። ጋሼ ናቸው ያስተዋሉት፣ እጅ ወደ ላይ መዝለል የለበትም፣ ቁልፉን እየዳሰሰ ወደ ጎን ነው መንሸራተት ያለበት አሉ፣ ማየት የተሳነው ሰው ግድግዳ ይዞ እንደሚሄደው። ከዛ እትዬን ነጠላቸውን ተቀብለው እጃቸው ላይ ጣሉት፣ ኪቦርዱንም እጁንም ሸፈነው፣ ከስሩ ግራ እጃቸው ሲሄድ ሲመለስ ነጠላው ላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ ትንሿ ጣት ባሱን ትነካለች፣ ጥለቱ ትንሽ ይነሳል፣ ኮርዱ ጋ ሲደርስ ይረጋል። ሃያ ጊዜ ሳይሳሳቱ ሄዱ። አሁን ሁላችንም አዲስ ዋልዝ ስንጀምር የመጀመሪያውን ሳምንት ግራ እጅን በነጠላ ስር ነው የምንለማመደው። ቪዲዮ ላይ ድምፆቹን ከላይ ወደ ታች በቀለም እያወረዱ የሚያስተምሩ አሉ አይደል፣ የትኛውን ቁልፍ እንደምትነካ ያሳዩሃል፣ እሱን አልጠላም፣ ግን አይንህ እሱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ እጅህ መንገዱን አያውቅም፣ ክብደቱንም አያሳዩህም። እኔ ወር ሙሉ በነሱ ሞክሬ ነጠላው በአንድ እሁድ ያስተማረኝን አላገኘሁም።

የጋሼን ነገር ልንገራችሁ። ጋሼ ከዓመታት በፊት ወድቀው ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ ነበር፣ ሲድን ሁለቱ ጣቶች፣ ትንሿና የቀለበት ጣት፣ በደንብ አልታጠፍ አሏቸው። ስለዚ ከመጀመሪያውም «እኔ ግራውን፣ አንቺ ቀኙን» አሉኝ። ኪቦርዱ አንድ ነው፣ ሰው አራት ነው፣ ለሁላችንም ተመቸ። አንዱ ግራውን ይጫወታል፣ አንዱ ቀኙን፣ ሦስተኛው ያጨበጭባል፣ አራተኛው ገጽ ይገልጣል ወይ ቡና ያቀብላል፣ ከዛ እንቀያየራለን፣ ጋሼ ግን ሁሌ ግራ ናቸው።

እንደዚ ሲማሩ ብቻውን የተማረ ሰው የማያየው ነገር ይታያል። ብቻዬን ሳለሁ ቀኝ እጄ ሲከብዳት ግራዋ ዝም ብላ ትጠብቃታለች፣ እኔም መጠበቋን አላውቅም፣ ለኔ ልክ ነው የሚመስለኝ። ጋሼ ግን አይጠብቁም። ቀኙ ላይ ተደናቅፌ ስቆም ግራው ይቀጥላል፣ አቦል ቶና በረካ፣ እኔ ሮጬ መድረስ ነው ያለብኝ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ትንሽ ቢጠብቁኝ ምን አለበት አልኩ። ቆይቶ ግን ሾፓን፣ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲው፣ ተማሪዎቹን ሲያስተምር ግራ እጅ እንደ ኦርኬስትራ መሪ ነው፣ መዋዠቅ የለበትም ይል እንደነበር አንብቤ ለጋሼ ሳነብላቸው «አየሽ» ብለው ኖታውን አዞሩ። ቀኝ እጅ ትንሽ ልትዘገይ ትችላለች፣ ልትቸኩልም ትችላለች፣ ውበቱ እሱ ነው፣ ግን ስሩ የሚሄድ ሰው ካለ ነው።

አንድ ያስቸገረን የራሳችን ጆሮም ነበር። እኛ በሦስት የሚሄድ ምት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፣ ጭብጨባችንም እስክስታችንም እሱ ነው፣ ግን የኛ ሦስት ብዙ ጊዜ ጥንድ ነው፣ ሦስት እና ሦስት ስድስት ሆኖ ነው የሚዞረው። ዋልዙን ሲያጨበጭብ የኮምቦልቻው ልጅ ሳያውቀው ሁለት ሁለት ባር አንድ ላይ እያሰረ ነበር የሚያጨበጭበው፣ አንዱን ባር ጠንከር ቀጣዩን ለስለስ። እኛ ተሳስተሃል አልነው። ከዛ ደግመን ስንሰማው ግን ዋልዙ በጭብጨባው ተሻለ! ዜማው ራሱ ለካ ብዙ ቦታ ሁለት ሁለት ባር ነው የሚተነፍሰው፣ አንዱ ባር ይጠይቃል አንዱ ይመልሳል። ይሄን ማንም አላስተማረንም፣ ከሰርግ ቤት ይዞት የመጣው ነው።

ከሁሉም የቆየንበት የሾፓን ዋልዝ ኤ ማይነሩ ነው፣ ማይነር ማለት የሚያዝነው የፈረንጅ ቅኝት ነው። ሾፓን በ1849 እ.ኤ.አ. በ39 ዓመቱ ነው የሞተው፣ ይሄን ዋልዝ በሕይወት እያለ አላሳተመውም፣ በሱ ስም የወጣው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ሰው ጽፎ ሳያሳትመው የተወው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስሙን ሲያገኝ ደስ ይላል አይደል። መጀመሪያ ስናሰማቸው እትዬ ወዲያው ትዝታ ነው አሉ። ማይነሩን ትዝታ ማለታቸው ነው፣ እውነትም ሀዘኑ ይቀራረባል። ግን ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፣ ይሄኛው ሰባት ነው፣ ከዛ ላይ ደሞ ጂ ሻርፕ የምትባል አለች፣ ወደ ቤት ልትገባ በሩ ላይ የቆመች ድምፅ፣ ኤ ካልመጣ እረፍት የማትሰጥ። ተማሪዋ ዜማውን ስታንጎራጉር ሁሌ እዛች ላይ ትስታለች፣ ጣቷ ትክክል ሲነካ ድምጿ ሌላ ነው የሚለው፣ ጆሮዋ ያደገው እንደዛ ነዋ። ሦስት እሁድ በቃ እሷን ድምፅ ብቻ ዘፈንን፣ ጂ ሻርፕ ኤ፣ ጂ ሻርፕ ኤ። በመሃል ኤ ሜጀር፣ ደስ የሚለው ቅኝት፣ የሚሆንበት ቦታ አለ፣ ሐረጎን ወርደህ ድንገት የኮምቦልቻ ሜዳ ፀሐይ ሲከፈትልህ ያለው ነገር፣ ከዛ ደሞ ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ይገባል። (ሐረጎውን ያለው የኮምቦልቻው ልጅ ነው፣ እኔ አይደለሁም።)

ብራምስ የሚባለውን ሌላ ደራሲ የጀመርነው በጋሼ ምክንያት ነው፣ ለሁለት ሰው የተጻፈ ነገር ፈልገን። ኦፐስ 39 አስራ ስድስት ዋልዝ ነው፣ በ1865 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጻፈው ለአንድ ፒያኖ አራት እጅ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ። በኋላ ለአንድ ሰው አድርጎ አዘጋጀው፣ ቀለል ያለም ጨመረ። እንግዲህ እኛ ከችግር የተነሳ እጅ ተከፋፍለን የምንማረው ነገር እሱ ሆነ ብሎ ለዚሁ ጽፎታል ማለት ነው፣ ያን ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ። አራት እጅ 61 ቁልፍ ላይ ግን ጠባብ ነው፣ ክርን ከክርን ይጋጫል፣ ታች የሌሉንን ድምፆች አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገን ነው የምንጫወተው። አስራ አምስተኛው ቁጥር እንቅልፍ የሚያስተኛ የሚመስለው ለስላሳው ነው፣ ልጄ እሱን ትወደዋለች።

በስራ ቀን ኪቦርድ የለኝም። ሰው ሲቀንስ የፋርማሲው መስታወት ባንኮኒ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ግራውን እሄዳለሁ፣ ትንሿ ጣት ታች፣ ሦስቱ ጣት ላይ፣ ሦስቱ ጣት ላይ። ድምፅ የለውም፣ መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ ብቻ ይቀራል፣ ማታ ስወለውለው የዛን ቀን ምን ያህል እንደተለማመድኩ አየዋለሁ። እንደዚ ሳደርግ የፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አስባለሁ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ ያጠኑ ሰው ሁሉን ትተው እዚሁ ወሎ ግሸን ማርያም ገዳም ገብተው አስር ዓመት ያህል ቆዩ፣ በባዶ እግር፣ ያለ ፒያኖ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ነው ያረፉት፣ 99 ዓመታቸው ነበር። የሳቸውን ሙዚቃ ስሰማ ግራ እጃቸው እንዴት ረጋ እንደሚል ነው የምሰማው፣ ቀኙ እንደ ወፍ ሲበር ግራው አይደነግጥም። አስር ዓመት ያለ መሳሪያ ጣታቸው ምን ያደርግ ነበር እያልኩ ነው ባንኮኒው ላይ የምቀጥለው።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ ደሞ ኒውዮርክ የሚገኝ ሞርጋን የሚባል ቤተመጻሕፍትና ሙዚየም ውስጥ ከዚ በፊት የማይታወቅ የሾፓን ዋልዝ ተገኘ ተባለ፣ ቴሌግራም ላይ ነው ተማሪዋ የላከችልን። መዳፍ የምታህል ወረቀት ላይ፣ 24 ባር፣ እሱም ኤ ማይነር! ከነድግምግሙ አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። ቀስ ብሎ ይጀምርና ወዲያው በጣም ጩኹ ይላል፣ ሦስት ኤፍ ተጽፎበታል፣ ያ ለኛ ኪቦርድ ምንም ማለት አይደለም፣ እኛ ግን ሞከርነው። ዓለም ሁሉ አዲስ ሆኖበት በነበረበት ሳምንት ደሴ ላይ አራት ሰው ለሱ ነጠላ አልብሶ ግራ እጁን ሲፈልግ ነበር።

ከዛ ጋሼ ለሁለት ወር አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሄዱ። የቤቱን ቁልፍ ለኛ ትተውልን ነው የሄዱት፣ እትዬም አብረዋቸው ስለሄዱ ቡናውን ተማሪዋ ነበር የምታፈላው። የቆየንበትን የመጀመሪያውን ኤ ማይነር ሁለቱንም እጅ ራሴ መጫወት ነበረብኝ። አንድ ዓመት ቀኙን ብቻ ስጫወት ነበር፣ ግራውን በነጠላም በባንኮኒም አውቃታለሁ፣ አንድ ላይ ግን ገጥመው አያውቁም። ስጀምር አስቸጋሪ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ግን የሆነው ሌላ ነው፣ ግራ እጄ ስትሄድ የምሰማው የሳቸውን አረማመድ ነው፣ ባሱ ላይ ትንሽ የሚቆዩትን፣ በረካዋን የሚያሳጥሩበትን፣ ኖታው ላይ ያልተጻፈውን ሁሉ። ቀኟ ስትደናቀፍ ግራዋ አልቆመችም።

ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ። እሁድ ገባሁ፣ ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ እትዬ ቡናውን እያጠቡ ነው። ተቀምጬ ሁለቱንም እጅ ከላይ እስከ ታች ተጫወትኩላቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙት፣ ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ትሄድ ነበር። ሲያልቅ ዝም አሉ። ከዛ ተነስተው ወንበራቸውን አመጡና በግራ በኩል ያስቀምጣሉ ስል በቀኝ በኩል አስቀመጡት።

«እስቲ ዛሬ ቦታ እንቀያየር።»

«ጋሼ፣ ጣትዎ?»

«ሦስቱ አሉ አይደል።»

ቀስ ብለን ጀመርን። በሦስት ጣት ነው የሚጫወቱት፣ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፣ ዜማው ቦታ ቦታ እየተቆረጠ፣ ሁለቱ የማይታጠፉት ጣቶች ከላይ ቀጥ ብለው። የመጀመሪያውን ክፍል ጨረስን። ከዛ ያቺ ከታች ተነስታ ወደ ላይ የምትወጣው ኢ ሜጀር አርፔጅዮ፣ የኮርዱ ድምፆች አንድ በአንድ የሚመቱባት፣ መጣች፣ አምስት ጣት ላለውም ከባድ ናት። መሃሏ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አለቀ። እኔ ግራውን ያዝ አድርጌ ልጠብቃቸው ስል አዩኝ።

«አትጠብቂኝ!» አሉ።

አልጠበቅኳቸውም። ባሱን መታሁ፣ ኮርዱን፣ ኮርዱን፣ ቀጣዩን ባር ሄድኩ፣ የሚቀጥለውንም ብቻዬን ሄድኩ፣ ጎኔ ላይ እጃቸው ቁልፉን እየዳሰሰች ስትፈልግ ይሰማኛል፣ እትዬ መቁላቱን ትተው ቆመዋል፣ ሦስተኛው ባር ላይ አቦሉ ላይ ደረሱብኝ።